ቀጠሮው ከፊርማው ሰዓት ሲጋጭ

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መድኃኒቱን በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት እንዲውጥ ይደረጋል። አሠራሩ በቂ ምክንያት አለው፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በሽታው ይላመድበታል፣ የተላመደውን ነቀርሳ ደግሞ ቤተሰቡም የሥራ ባልደረባውም ሊወርሱት ይችላሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ጤና ጣቢያው በሩን የሚከፍተው ሠራተኛው ሥራ ገበታው ላይ እንዲገኝ በሚጠበቅበት ሰዓት ገደማ ነው። ካርድ እስኪወጣ፣ ተራ እስኪደርስ፣ ክኒኑ ተውጦ ታክሲ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይረፍዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ላይ፣ ችግሩ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ማሰናበት እንደሚቻል ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ የነቀርሳ ታካሚ ስምንተኛውን መዘግየት የሚሞላው ሕክምናውን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መንግሥት በአንድ እጁ መድኃኒቱን በነፃ እየሰጠ፣ በሌላው እጁ መድኃኒቱን ለመውሰድ የሚያስፈልገውን ሰዓት ሳያስብበት ቀርቷል ማለት ነው።

ታሞ መተኛትና ታሞ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕጋችን ለመጀመሪያው በሚገባ አስቦበታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም መሥራት ሲሳነው፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ያርፋል። ይህ ተላላፊ ወረርሽኝ ለያዘው፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው የሚበቃ ሕግ ነው። ሕመሙ አብሮት የሚኖር፣ ሥራውን መሥራት የሚችል፣ ነገር ግን ሰዓቱ ትንሽ እንዲነካካለት የሚፈልግ ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ ራሱን ቢፈልግ አያገኝም። ወይ ጤነኛ ነህና በሰዓቱ ፈርም፣ ወይ ታመሃልና ሄደህ ተኛ ነው የሚባለው።

በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅደር ውስጥ የሚገኘውን የሕክምና ማስረጃ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን አስተሳሰብ በወረቀት ላይ ያነበዋል። ከላይ የጤና ተቋሙ ስም አለ፤ ቀጥሎ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የተገኘበት ሕመም፤ ዝቅ ሲል ይህን ያህል ቀን ዕረፍት ተሰጥቷቸዋል የሚል መስመር፤ ከዚያ ፊርማና ማኅተም። ሐኪሙ በዚያች ባዶ ቦታ የሚሞላው ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ሰው መሥራት ይችላል፣ ግን የሌሊት ፈረቃ አይግባ፤ ወይም ማክሰኞና ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይጀምር ለማለት ቢፈልግ የሚጽፍበት መስመር የለውም። ጠርዙ ላይ ቢጽፈው እንኳ የሰው ሀብት ክፍሉ ምን ሊያደርግበት እንደሚገባ የሚነግረው ደንብ የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ታካሚ ሦስት ቀን ዕረፍት ተጽፎለት ይወጣል። ሠራተኛው የማያስፈልገውን ወስዷል፤ አሠሪው ደግሞ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ጉልበት አጥቷል።

በአንድ ወቅት ይህ ክፍተት ብዙም ላይታይ ይችል ነበር። ዛሬ ግን በኢትዮጵያ ከሚከሰተው ሞት ከአንድ ሦስተኛው በላይ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ ካንሰር፣ የልብና የሚጥል ሕመም ሰውን ለዓመታት ይዘውት የሚዘልቁ ናቸው፤ ታማሚው ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። እያንዳንዱ ሕመም ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። የኩላሊት እጥበት በወጉ ከተሠራ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በአቅም ማነስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያጥቡም ብዙ ናቸው። ብዙ የኬሞቴራፒ ሕክምናዎች በየ21 ቀኑ ይመላለሳሉ፤ ታካሚው የሚደክመው ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሲሆን ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ መሥራት የሚችልበት ሳምንት ይመጣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የምግብ ሰዓቱ ከተዛባ ስኳሩ ወርዶ ማሽን ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነውና የሌሊት ፈረቃ ለእሱ ከሥራ ጫና ያለፈ አደጋ ነው። ለእነዚህ ሁሉ የስድስት ወር የሕመም ፈቃድ መልስ አይሆንም። ለአንዱ የሚያስፈልገው በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው የሃያ ደቂቃ የምሳ ዕረፍት፣ ለሦስተኛው የፈረቃ ለውጥ ነው።

ሰዓትን ለሕመምተኛ ማስተካከል የሚቻል መሆኑን ያሳየን የጤናው ዘርፍ ራሱ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር በ1997 ዓ.ም.፣ ታካሚው በአጭር በአጭር ጊዜ እየተመላለሰ መድኃኒቱን መውሰድ ነበረበት። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሕክምናቸው የተረጋጋላቸው ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዘው መሄድ ችለዋል። በዓመት ሁለት ቀጠሮ ማለት ነው። ክሊኒኩ መጨናነቁ ቀነሰ፣ ታካሚውም ከአለቃው ፊት ቆሞ ምክንያት ከመፍጠር ተገላገለ። ይህ ለውጥ የመጣው ታካሚው የሚኖረው ኑሮ እንዳለው፣ ሥራም እንዳለው ስለታሰበበት ነው። አሠሪዎች እንዲህ ያለ ሐሳብ እንግዳ ነው ሊሉ አይችሉም።

በእርግጥ እንግዳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትንም ትርፍ ሰዓት ማሠራትንም ይከለክላል፤ ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዝዛል፤ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራም ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ሕጉ አካል የራሱ ጊዜ እንዳለው አምኖ የሥራ ሰዓቱን ለአካሉ አስገዝቷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ የምሳ ሰዓታቸው ከ5:30 እስከ 7:30 የሚረዝመውም ለጁምዓ ሰላት እንዲመች ነው። በዚህ ምክንያት የመንግሥት ሥራ ቆመ ያለ ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው፣ የሥራ ሰዓትን ማስተካከል አሠሪው ከሚያደርጋቸው ማመቻቸቶች አንዱ እንደሆነ የሚናገር አዋጅ በእጃችን መኖሩ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ማመቻቸት የሚባለው ከመሣሪያ፣ ከሥራው መስፈርት፣ ከሥራ ሰዓት፣ ከድርጅቱ አደረጃጀትና ከሥራ አካባቢ ጋር የተያያዘ መሆኑን በትርጓሜው ይዘረዝራል። አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ያዞርለታል። ለአሠሪውም መውጫ በር ትቶለታል፤ የተጠየቀው ማስተካከያ ከድርጅቱ መጠን፣ ከወጪውና ከሠራተኛው ብዛት አንፃር የማይቻል ሸክም ከሆነ አይገደድም። ሚዛኑን የጠበቀ ሕግ ነው። የሚያሳዝነው በተግባር የተወሰደበት መንገድ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኛ ሲባል በዓይን የሚታይ ነገር ይጠበቃል፤ ክራንች፣ ነጭ በትር፣ ተሽከርካሪ ወንበር። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አካሉ እንደተጎዳና የሥራ ዕድሉ እንደጠበበ ግልጽ ነው፤ ግን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያፀደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳትን ሁሉ ያጠቃልላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 የፀደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። በእኔ እምነት የ568/2000 ትርጓሜ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን ሠራተኛ እንዲያቅፍ አድርጎ ማንበብ ይቻላል፤ ይህን በግልጽ የሚያስቀምጥ ማሻሻያ ቢወጣ ደግሞ የሰው ሀብት ኃላፊውም ዳኛውም ከግምት ይድናሉ።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ ላይ ስተው ተመልሰዋልና ከስሕተታቸው መማር ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከሚያደርጋቸው ማመቻቸቶች መካከል የተሻሻለ የሥራ ሰዓትን በስሙ ጠቅሷል። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ መሆን አለመሆኑ የሚለካው መድኃኒቱን ወስዶ፣ መነጽሩን አድርጎ ካለበት ሁኔታ ተነሥቶ ነው ሲል ወሰነ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ሕመሙን በክኒን የተቆጣጠረ ሰው ከሕጉ ጥላ ወጣ። ኮንግረስ ይህን በ2008 አረመው። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ቀጠሮውን አክብሮ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዶ ደህና የሆነ ሠራተኛ ደህና በመሆኑ መብቱን ካጣ፣ ሕጉ ጠንቃቃውን ይቀጣል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከዴንማርክ መጣ። አንዲት ሠራተኛ የማያቋርጥ የጀርባ ሕመም ነበረባት፤ ሌላዋ በመኪና አደጋ አንገቷ ተጎድቷል። የአገሩ ሕግ በ12 ወር ውስጥ 120 ቀን በሕመም የቀረን ሠራተኛ በአጭር ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅድ ነበርና ሁለቱም ተሰናበቱ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በሰጠው ውሳኔ፣ ለረጅም ጊዜ ሥራን የሚያውክ ሕመም በሕግ አካል ጉዳት ሊባል እንደሚችል፣ የሥራ ሰዓትን መቀነስም አሠሪው ሊያደርጋቸው ከሚገቡ ማመቻቸቶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። አሠሪው ሊያደርገው የሚገባውን ማስተካከያ ባለማድረጉ የመጡ የቀሪ ቀናት ደግሞ ለዚያ አጭር ማስጠንቀቂያ መቆጠር እንደሌለባቸው አመለከተ። የእኛን ስምንት ማርፈድ በዚህ ዓይን ማየት ተገቢ ነው።

አሠሪዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ሥጋት የሐሰት ማስረጃ ነው፤ ሥጋቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በገንዘብ የሚገኝ ወረቀት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚገዛው ምን ለማግኘት እንደሆነ እንመልከት፤ ደመወዝ የማይነካው ዕረፍት ለማግኘት ነው። ሰዓቱ ይስተካከልልኝ የሚል ሠራተኛ ግን ያንኑ ሥራ በሌላ ሰዓት ሊሠራ፣ ያረፈደውን ማታ ሊያካክስ ነው የሚጠይቀው። ይህን ለማግኘት ጉቦ የሚከፍል ሰው ብዙ አይገኝም። እንዲያውም ለሐሰተኛው ወረቀት ገበያ የሚፈጥረው ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚለው የዛሬው አሠራር ነው። ሐቀኛው ታካሚ ለክትትል ሁለት ሰዓት ፈልጎ ሲከለከል፣ ሐሰተኛው በሄደበት በር ይገባል።

ሁለተኛው ሙግት የምርት መስመርን ይመለከታል። ልብስ ስፌት ላይ አንዷ ኦፕሬተር ከማሽኗ ስትነሣ ከኋላዋ ያለው ሥራ ይቆለላል፣ ከፊቷ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ የቀኑ ታርጌትም ይጎድላል። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መስመሩን የሚያቆመው ያልታወቀ መቅረት ነው። ሠራተኛዋ ማክሰኞ ጠዋት እንደማትኖር ከሳምንት በፊት የታወቀ ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ ተለዋጭ ያዘጋጃል፤ የወሊድ ፈቃድን፣ የዓመት ፈቃድን እንዲህ እያደረገ ነው የሚያስተናግደው። ሥራ ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ለታማሚ ለምን እንጨነቃለን የሚሉም አሉ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አምራቾቹ ደጋግመው ያማረሩት ግን በሥራ ፈላጊ እጥረት ሳይሆን ሠልጥኖ በሚለቅ ሠራተኛ ነው። እጇ ማሽኑን የለመደን ሠራተኛ በሁለት ሰዓት ምክንያት ማጣት በምርት ቋንቋም ኪሳራ ነው። ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ለዓመታት አሠሪዎችን ሲጠይቅ፣ ግማሽ ያህሉ ያደረጉት ማስተካከያ ምንም ወጪ እንዳላስከተለባቸው መልሰዋል። የደመወዙና የገበያው ሁኔታ ከእኛ ይለያል፤ የሰዓት ሽግሽግ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ግን በየትኛውም አገር ያው ነው።

መብቱ ወሰን እንዳለው ማመንም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ስድስተኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በአንጀት ሕመም ምክንያት በሳምንት እስከ አራት ቀን ከቤት ልሥራ ያለች የፎርድ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ለኩባንያው ፈርዷል፤ ሥራው ከሌሎች ጋር ፊት ለፊት መገኘትን ይጠይቃል በሚል። ውሳኔውን ብንስማማበትም ባንስማማበትም፣ ጥያቄ ማቅረብ ማለት የተጠየቀው ሁሉ ይፈቀዳል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል። ብቸኛ የሌሊት ዘበኛ ያለው ሱቅ ዘበኛውን ወደ ቀን ሊያዛውረው ላይችል ይችላል። ሕጉ ሊያስገድድ የሚገባው አሠሪውና ሠራተኛው ተቀምጠው እንዲነጋገሩ፣ እምቢታውም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ነው። ዛሬ እምቢ የሚባለው ኮሪደር ላይ፣ በቃል፣ ብዙ ጊዜም በቅርብ ኃላፊው ስሜት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ የምሥጢር ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሠራተኛው ግን የሚደብቀው ምክንያት ስላለው ነው። ኤችአይቪ፣ ነቀርሳ፣ የሚጥል ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም በሻይ ሰዓት ወሬ ሲሆኑ ምን እንደሚያስከትሉ ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በኤችአይቪና በአካል ጉዳት ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል፤ ማመልከቻው ግን ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ እናውቃለን። ስለዚህ ብዙው ሰው ዘመድ ሞተብኝ፣ ልጅ ታመመብኝ እያለ ይኖራል፤ ሰበቡ ሲያልቅበት ወይ ሥራውን ይለቃል ወይ ሕክምናውን ያቋርጣል። መፍትሔው ሕመሙን ከገደቡ መለየት ነው። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ሠራተኛው ምን ማድረግ እንደማይችል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደማይችልና ምን ቢደረግለት እንደሚሠራ ነው። ሌሊት መሥራት የለበትም፣ ለስድስት ወር፣ ከዚያ እንደገና ይታያል የሚል የሐኪም ቃል ይበቃል። የበሽታው ስም በጤና ተቋሙ ካርድ ላይ መቅረት ይችላል፤ ጥርጣሬ ከተነሣም አሠሪው ሌላ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚያወራው ግን ቋሚ ቅጥር ስላለው ሰው ነው። በሙከራ ጊዜው ውስጥ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት የታመመ ሠራተኛ የሕመም ፈቃዱ እንኳ የለውም። የቀን ሠራተኛው የቀረበት ቀን ደመወዝ የቀረበት ቀን ነው። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ አዋጁ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ያለ እህታችን ደግሞ ቀጠሮ አለብኝ ማለት ራሱ ወደ አገር መመለስ ሊያስከትልባት ይችላል። በአሜሪካ የመኪና ማቆሚያ፣ በአየር ማረፊያ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራው ወገናችን በአንፃሩ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው፤ በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ የሚሠራው ግን ተቀጣሪ ስለማይባል ከዚህም ውጪ ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሰዓት ማስተካከያ ብቻውን አይደርስላቸውም፤ ጤና ጣቢያዎች ማለዳና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድም ለክትትል ታካሚ ክፍት ቢሆኑ ግን ከየትኛውም አዋጅ ቀድሞ ይደርስላቸዋል።

ቋሚ ሠራተኛውን በተመለከተ ፓርላማን መጠበቅ አያስፈልግም። ስለ ስምንቱ ማርፈድ የሚናገረው አንቀጽ 27 ራሱ፣ የመዘግየቱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ከሆነ ድንጋጌው እንደማይሠራ ይናገራል። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። አንድ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ለድርድር ሲቀመጥ ከደመወዝ ጭማሪው ጎን ሊያስገባው የሚችል አንቀጽ ነው፤ በሐኪም በተረጋገጠ ክትትል ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ እንዳረፈደ አይቆጠርም፣ የጎደለውን ሰዓት በስምምነት ያካክሳል፣ ጥያቄው በጽሑፍ በቀረበ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ መልስ ያገኛል። አዋጁ በጤና ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለን ሠራተኛ ማሰናበትም ስለሚፈቅድ፣ በዚያው ስምምነት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይገባል፤ አልቻለም ከመባሉና በቦርድ ከመውጣቱ በፊት በተስተካከለ ሰዓት መሥራት ይችል እንደሆነ ይሞከር። ጤና ሚኒስቴር በበኩሉ የሕክምና ማስረጃው ላይ፣ የዕረፍት ቀን ከሚሞላበት መስመር በታች፣ ሥራ ላይ ሆኖ ሊደረግለት የሚገባ ማስተካከያ የሚል ሌላ መስመር እንዲታተም ማዘዝ ይችላል።